እማዬ፣ ቲማቲሙን የነሳሽ ሌሊቱ ነው

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ግን ከጆሮዬ አልጠፋም። መልሼ ልደውል አልኩና ተውኩት፤ የአትክልት ነገር ሲነሳ አንቺ መቼ ታስጨርሺኛለሽ! ስለዚህ ጻፍኩት። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

«እጄ ለመሬት አልሆን አለ» አልሽኝ። ቲማቲሙ አበባ ያረግፋል፣ ድንቹ ቅጠል ብቻ ሆኗል፣ ሰላጣው ከነጭራሹ አልበቀለም፣ ሽንኩርቱም ራስ አልቋጥር አለ። እማዬ፣ እጅሽ ምንም አልሆነም። ዕድሜሽን ሙሉ ደጋ ላይ ስታለሚ ኖረሽ አሁን ቆላ ወርደሻል። ከፍታው በ1000 ሜትር ሲቀንስ አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል። ታዲያ የለመድሽው ወር፣ የለመድሽው ዘርና የለመድሽው የውሃ ልክ እዚያ ቢያስቸግርሽ ምን ይገርማል?

እኔ እዚህ ብርድ አገር የምታገለው ከአንቺ ተቃራኒ ጋር ነው። አንቺን ሙቀት፣ እኔን ውርጭ። ሆኖም የሁለታችንን ጓሮ ሳስተያየው አንድ ነገር ላይ ይገናኛል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቀኑ ነው፤ ፀሐዩ ከረረ፣ ቀኑ ቀዘቀዘ ይላል። አትክልቱ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሌሊቱ ነው።

ከቲማቲሙ ልጀምር። ነገ ጠዋት አንዱን የአበባ ዘለላ ጠጋ ብለሽ እይልኝ። አበባዋን የያዘችው ቀጭን አንገት መሃል ላይ ትንሽ ያበጠች አንጓ አለች። አንጓዋ ቢጫ ከሆነችና በጣትሽ ነካ ስታደርጊያት አበባዋ እጅሽ ላይ ከወደቀች፣ ነገሩ በሽታ ላይሆን ይችላል። ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊቱ ደግሞ ከ24 ዲግሪ በታች አልወርድ ሲል የአበባው ብናኝ ይበላሻል። ፍሬ መያዝ ያቃታትን አበባ ተክሉ ራሱ ይጥላታል። ቅጠሉ ግን አረንጓዴ፣ ግንዱም ወፍራም ይሆናል። ግራ የሚያጋባውም ይሄ ነው። ፍግ ብትጨምሪበት ቅጠል ይጨምርልሻል እንጂ አበባውን አያቆምልሽም። እኔ ጋ ደግሞ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ያው አበባው ይረግፋል። ሁለታችንም አንድ ዓይነት አበባ ከመሬት ላይ እንለቅማለን ማለት ነው፤ አንቺ በሙቀት፣ እኔ በብርድ።

ስለዚህ ተክሉን አትንቀዪው። ከሰዓት በኋላ ጥላ ይግባለት፣ ውሃ አይጉደልበት፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይይዛል። የሚቀጥለውን ደግሞ ወሩን ገልብጪው። ደጋ ሳለሽ ብርዱን ሸሽተሽ ነበር የምትተክዪው። አሁን ሙቀቱን ሽሺ። ችግኙን አስቀድመሽ አፍልተሽ አበባው ከዓመቱ ቀዝቃዛ ወራት ጋር እንዲገጥም አድርጊ። ዝርያም ስትመርጪ ትልልቁን ተይው። ፍሬያቸው ጥቃቅን የሆኑት ሙቀትን የተሻለ ይችላሉ።

ድንቹን ግን፣ ካልተቆጣሽኝ፣ ብትተዪው ይሻላል። ድንች የደቡብ አሜሪካዎቹ የአንዲስ ተራሮች ልጅ ነው፤ ቀዝቃዛ ሌሊት ይፈልጋል። ከአፈር በታች በደንብ የሚይዘው አፈሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው። ወደ 30 ሲጠጋ ሥራውን ያቆማል። የሠራውንም ምግብ በሞቃቱ ሌሊት ራሱ ይጨርሰዋል፤ ላንቺ የሚተርፍ የለም። በእሱ ቦታ ስኳር ድንች አስገቢ። ዘር መግዛት እንኳን አያስፈልግሽም። ከሰው ጓሮ የሐረጉን ቁራጭ ለምነሽ፣ ሁለት ሦስት አንጓው አፈር ውስጥ እንዲገባ አድርገሽ ትተክዪዋለሽ። ሙቀቱን እሱ ይወደዋል፤ ቅጠሉም ይበላል።

ሰላጣው ያልበቀለው ዘሩ ስለሞተ አይመስለኝም። አፈሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ የሰላጣ ዘር ይተኛል። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለሽ አንድ ሁለት ሌሊት ፍሪጅ አሳድሪውና ሲመሽ ዝሪው። ከበቀለ በኋላም ቶሎ አገዳ አውጥቶ መምረሩ አይቀርም። በቀዝቃዛው ወር ካልሆነ አትድከሚበት።

ሽንኩርቱ ነው የሚገርመው። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው ቅጠሉ ስላደገ ብቻ አይደለም። የቀኑንና የሌሊቱን ርዝመት ይቆጥራል። ረጅም ቀን የሚፈልገው ዝርያ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን ካላገኘ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። አጭር ቀን የሚበቃው ደግሞ በ11 እና በ12 ሰዓት ብርሃን ይቋጥራል። ምድር ወገብ አካባቢ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለእኩል ነው ማለት ይቻላል። እዚያ የረጅም ቀን ዘር ብትዘሪ፣ እንኳን አንቺ ማንም ባለሙያ ራስ አያስቋጥረውም። እኔ ደግሞ ላንቺ አካባቢ የሚሆነውን የአጭር ቀን ዘር እዚህ ብዘራው ገና ጨቅላ ሳለ ብርሃኑ ስለሚረዝምበት አውራ ጣት የምታህል ራስ ቋጥሮ ያበቃል። ሁለቱም ዘር ደህና ነው፤ የተዘራበት ቦታ ነው የተሳሳተው። ዘር ሻጮች ይህን ለገዢው አለመንገራቸው ያናድደኛል። ፓኬቱ ላይ የሽንኩርቱ ፎቶ እንደሆነ ሁሌም ያምራል።

ብርሃን ሲረዝም ምን እንደሚሠራ ለማየት በአሜሪካ ሰሜናዊ ጫፍ ያለችውን አላስካን መመልከት ነው። በበጋ ፀሐይዋ የምትጠልቀው ለጥቂት ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያ በአንድ የእርሻ ትርኢት ላይ የቀረበ ጥቅል ጎመን ከ62 ኪሎ በላይ መዘነ። አንድ ራስ ጎመን! አንቺ ብታዪው «ይሄ የጤና አይደለም» ትዪ ነበር። ቀዝቀዝ ያለ አየርና የማያልቅ ብርሃን ሲገናኙ ጎመን የሚሆነው እንደዚህ ነው። ክረምቱ ሲገባ ግን ብድሩ ይከፈላል። እኔ ያለሁበት የቀኑ ብርሃን ከ10 ሰዓት በታች ሲወርድ አትክልቱ አይሞትም፤ አያድግምም። ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያደገውን መሬቱ ላይ እንዳለ ትተን ቀስ በቀስ እየቆረጥን እንበላለን። ጎመንና ካሮት ውርጭ ሲነካቸው ስኳር ስለሚያበዙ ይጣፍጣሉ። ይሄ ብርዱ የሚክሰን ነገር ነው።

ውርጩም ቢሆን የሌሊት ሥራ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ነፋስ ሲጠፋ፣ ያኔ ነው የምንፈራው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ይወርድና ጓሮው ዝቅ ያለበት ቦታ ይተኛል። ላይኛው መደብ ሲተርፍ ታችኛው ይጠቁራል። ደጋ ሳለሽ ታች ያለውን ባቄላሽን ውርጭ ሲመታው የሰው ዓይን በላብኝ ትዪ አልነበር? የሰው ዓይን አልነበረም እማዬ፤ ተዳፋቱ ነው።

ወደ ውሃው ልምጣ። እህቴ በላከችልኝ ፎቶ ላይ መደቦችሽን እንደ ድሮው ከፍ አድርገሽ አይቻለሁ። ዝናብ በበዛበት አገር ልክ ነው፤ ውሃው ይጠንፈፍ፣ ሥሩ እንዳይበሰብስ። እናንተ ጋ ግን ዝናቡ አጭር፣ ነፋሱ ደረቅ ነው። ከፍ ያለ መደብ ከላይም ከጎንም ይደርቃል። እዚያ መደቡ ዝቅ ማለት አለበት። በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ደረቅ ምድር የሚኖሩት ዙኒ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ጓሯቸውን በትንንሽ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች ከፋፍለው፣ ዙሪያውን በጭቃ ድንበር ከበው ይተክላሉ። የምታጠጪው ውሃ እዚያው ይቀራል፤ ድንበሩም ነፋሱን ይከልላል።

ሌላው የሸክላ ማሰሮ ነው። በቻይና ከ2000 ዓመት በፊት ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው። ያልተቀባ፣ ውስጡም ያልተለሰነ ማሰሮ ፈልጊ። ውሃ ስትሞዪበት ውጪው ቀስ ብሎ ወዝ ካወጣ ይሆናል። አንገቱ ብቻ እስኪቀር ቅበሪውና ሙዪው። አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ክደኚው፤ ያለዚያ ትንኝ ይራባበታል። ዙሪያውን አንድ ክንድ ሳትርቂ ትተክያለሽ። አፈሩ ሲደርቅ ውሃውን በሸክላው ቀዳዳ ይስበዋል፤ አፈሩ ሲርስ መሳቡን ይተዋል። የሚያጠጣው ሥሩን ስለሆነ አረሙም ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየቀኑ ባልዲ አትሸከሚም። በጥቂት ቀን አንዴ ድንጋዩን አንስቶ መሙላት ብቻ ነው።

የአፈሩን ፊት ደግሞ ራቁቱን አትተዪው። ድርቆሽም ይሁን ደረቅ ቅጠል፣ አራት ጣት ያህል አጉዝጉዢበት። ግንዱን ግን አይንካው። ምስጥ ካየሽ ሳሳ አድርጊው። እኔ እዚህ ፀደይ ሲመጣ ጉዝጓዙን እገፈዋለሁ፤ ካልገፈፍኩት አፈሩ ሳይሞቅ ይቆይብኛል። አየሽ፣ አንዱ ድርቆሽ እዚህ ጠላት፣ እዚያ ወዳጅ ነው።

አመዱንም ተይው። ዝናብ የሚያጥበው የደጋ አፈር ብዙ ጊዜ ጎምዛዛ ስለሚሆን አመድ ያስተካክልለት ነበር። ደረቅ አገር ያለ አፈር አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ አመድ ይብስበታል። ብስባሹን ግን ጨምሪ። በአንድ ጊዜ ብዙ ሳይሆን ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ፤ ሙቀቱ በፍጥነት ይበላዋልና።

ማጠጣቱ ጎህ ሲቀድ ይሁን። ማታ ቅጠል ላይ ውሃ ማፍሰስ በተለይ እርጥበት በሚበዛበት ወር አይመከርም። ቅጠል ሌሊቱን እርጥብ ሆኖ ሲያድር በሽታ ይጋብዛል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ያስራበው የድንች በሽታ የተዛመተውም በእርጥብና ቀዝቀዝ ባለ አየር ነው። ቲማቲምንም የሚይዘው ያው በሽታ ነው።

አሁን የጉልበትሽ ነገር። እህቴ ወገብ የሚደርስ ሣጥን ላሠራላት ብላኛለች። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጎንበስ ማለት ይቀርልሻል። ግን ሣጥን ከመሬት ይልቅ ይሞቃል፣ ይደርቃልም። ስለዚህ አንድ ብቻ ይበቃሻል። ሰፊና ጥልቅ ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ይቀመጥ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ማሰሮ ትቀበር። በሶብላውን፣ ናናውንና ቆስጣውን እሱ ላይ አድርጊ። መሬት ላይ ያሉትን መደቦች የእህቴ ልጆች ይቆፍሩ። ተቀምጠው ስልክ ከሚነካኩ አንቺ ወንበር ላይ ሆነሽ እዘዢያቸው፤ ማዘዝ እንደሆነ ድሮም ትችዪበታለሽ። ባምያ፣ ደበርጃን፣ ስኳር ድንችና ዱባ ያስገቡልሽ። ጥግ ላይ አንድ ሞሪንጋ ትተከል፤ በቁመቷ ሳትረዝም እየተቆረጠች ብታድግ ቅጠሏን ቆመሽ ትለቅሚያለሽ።

ፀሐይ ከከረረ በኋላ ግን እንዳትወጪ። «ትንሽ ብቻ ልረም» የምትዪውን አውቀዋለሁ።

ወደ እናንተ በሚመጣ ሰው ትንሽ ቴርሞሜትር ልኬልሻለሁ። ጥላ ውስጥ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገሽ ስቀይው፤ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ስለሚያድር ያታልልሻል። ጎህ ሲቀድ ያለውን ቁጥር እህቴ ካላንደሩ ላይ ትጻፈው። ከ24 በታች መውረድ ሲጀምር ደውይልኝ፤ የቲማቲሙን ነገር ያኔ እንነጋገራለን። የሽንኩርቱን ፓኬትም እንዳትጥዪው። ጀርባውን ፎቶ አንስታ ትላክልኝና ዝርያውን አይቼ ሌላ የሚሆንሽን እፈልግልሻለሁ።

የሚወድሽ ልጅሽ