ከብርጭቆው ሥር የቀረው ቀለም

ውድ እህቴ፣

ይቅርታ። ይህን ሁሉ ጊዜ መጥፋቴ ልክ አልነበረም። አንቺም ጠፍተሻል፣ እኩል ነንና በዚህ እንለፈው። እኔ ደህና ነኝ። እቤትም ሰላም ነው። ሥራው እንደምታውቂው ነው። የቀረውን በአካል እናወራዋለን። አሁን የቸኮልኩት አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ለሌላ ሰው ብነግረው "እሺ፣ ጥሩ ነው" ብሎ ያልፈዋል። አንቺ ግን ከወንበርሽ ትነሻለሽ።

ኢንክቶበር እየሠራሁ ነው፣ ኦክቶበርን ሙሉ በየቀኑ ለዕለቱ በተሰጠ ቃል መሣል። አዎ፣ ያንኑ፣ በእጅ ሥዕሉ ምክንያት ያኮረፍሽበትን። ሠዓሊው ጄክ ፓርከር እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀምረው ለራሱ እጅ ማፍታቻ ብሎ ነበር። ያኔ ይህን ስነግርሽ ብዙም አልገረመሽም፣ እኔን ግን እስከዛሬ ይገርመኛል። አንድ ሰው ለራሱ ያወጣው የቤት ሥራ፣ ኦክቶበር በመጣ ቁጥር ስንቱን ሰው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል! ደንቡ አልተለወጠም። 31 ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሥዕል፣ በጽሕፈት ቀለም። በእርሳስ መንደፍ ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ ግን መላጲያ አያድንም። እኔ የምወደው ይህንን ነው። የተጣመመው መስመር እዚያው ይቀመጣል። ነገ ደግሞ ሌላ ቃል ይጠብቅሻል። ለማፈር ጊዜ የለም።

መሃሉ ላይ ግን ከበደኝ። የዕለቱን ቃል አይቼ ምንም የማይመጣልኝ ቀን በዛ። ጥቁር ቀለሙም ሰለቸኝ። እንዲህ በሆንኩበት ሰሞን ነው ከጓደኞቼ ጋር ለወይን ቅምሻ ደርሶ መልስ የሄድነው። የዚያ ቀን ሥዕል ቀረ ብዬ ነበር። ቢሆንም ደብተሬንና አንድ ብሩሽ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

የደረስነው ወይኑ ተለቅሞ እየተብላላ ባለበት ወቅት ነው። መጥመቂያው ውስጥ መጀመሪያ ያሳዩን ትልቁን ጋን ነው። የወይኑ ልጣጭ በጋዙ እየተገፋ ወደ ላይ ወጥቶ ወፍራም ክዳን ይሠራል። ሠራተኞቹ ከሥር ፈሳሹን እየሳቡ መልሰው ከላይ ያፈሱበታል። ለምን አልኳቸው። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ስለሆነ ነው አሉኝ። የአብዛኛው ጥቁር ወይን ጭማቂ ለካ ነጣ ያለ ነው! ልጣጩን ቶሎ ከለዩት ከጥቁር ወይን ነጭ ወይን ጠጅ ይወጣል። ያን ጊዜ አንቺን አሰብኩ። ይህንን ባለማየትሽ ተናደድኩልሽ።

ቅምሻው ላይ ደግሞ የባሰ ነገር መጣ። አስተናጋጇ ብርጭቆውን አዘንብላ ከነጭ ወረቀት በላይ ያዘችው። መሃሉን ሳይሆን ጠርዙን እዩ አለችን። ጠርዙ ወደ ሐምራዊ ካደላ ወጣት ነው፣ ወደ ሸክላ ካደላ ዕድሜ ጠግቧል። ቀዩ ሲያረጅ ይገረጣል፣ ነጩ ሲያረጅ ይጠቁራል። እኛ ቀለም ስንበጠብጥ የምናደርገው እኮ ይኸው ነው፣ ነጭ ወረቀት ላይ ጠርዙን ማየት። ቀጥሎ ብርጭቆውን ማሽከርከር፣ ማሽተት፣ ከዚያ በኋላ ነው መጎንጨት። ታኒን የሚሉት ነገር ከምራቅሽ ፕሮቲን ጋር ይያያዝና አፍሽን ያደርቀዋል፣ ያልበሰለ ሙዝ እንደነከስሽ ይኮማተራል። ብዙዎቹ ቀምሰው ባልዲ ውስጥ ይተፋሉ። መጀመሪያ አፈርኩ፣ በኋላ እኔም ተፋሁ። አለዚያ ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ ምኑን ከምኑ ትለይዋለሽ?

ግድግዳው ላይ የሽታ ክብ ተሰቅሏል። አን ኖብል የተባለች የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዘጋጀችው ነው። መሃሉ ላይ እንደ "ፍራፍሬ" ያለ ሰፊ ቃል፣ ወደ ውጭ ስትሄጂ "ቤሪ"፣ ከዚያም የቤሪው ስም። ቁርጥ የኛን የቀለም ክብ ነው። ቆሜ ሳየው ሌሎቹ ጥለውኝ ሄዱ።

"ቀድሞ የሚቀምሰው ዓይን ነው" ብለሽ የተከራከርሽኝን ታስታውሻለሽ? ይኸው ድል ልስጥሽ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ቦርዶ የተሠራ ጥናት አለ። ለ54 የወይን ተማሪዎች አንዱን ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ አድርገው አቀረቡላቸው። ተማሪዎቹ ሽታውን በቀይ ወይን ቃላት ገለጹት። ይህን እንደሰማሁ ስልኬን አንስቼ ስምሽን ፈልጌ ነበር። አልደወልኩም። ለምን እንደሆነ ወደኋላ እነግርሻለሁ።

አሁን ዋናው። ምሳ ሰዓት ላይ ብርጭቆዬ ሥር ትንሽ ቀይ ወይን ቀርታ ነበር። ብሩሼን ነከርኩና የጋኑን ቅርጽ መሳል ጀመርኩ። ወረቀቱን ሲነካ ሮዝ ነበር። ሌላውን መስመር ሳሰምር የመጀመሪያው ሰማያዊ ሆኗል! ግራጫ ያለበት ሰማያዊ፣ ሊዘንብ ሲል የምናየው ዓይነት። ጩኸቴን ሰምተው መጡ። ነገሩ እንዲህ ነው። የወይኑ ቀለም አንቶሳያኒን ይባላል። አሲድ ውስጥ ሲሆን ቀይ ነው፣ አሲዱ ሲጠፋ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ወይን አሲድ ነው። የሥዕል ወረቀት ደግሞ ቶሎ እንዳያረጅ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርበታል፣ እሱ አሲዱን ያጠፋዋል። ስለዚህ ወረቀቱ ራሱ ቀለሙን ይቀይረዋል። ብሩሹን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ቀለሙን የመረጠው ግን ወረቀቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እቤት የሎሚ ጭማቂ ጠብ አደረግኩበት፣ ደማቅ ሮዝ ሆነ። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጬ ቀባሁ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ወጣ። ዝገት ያለበት ምስማር አቼቶ ውስጥ አሳድሬ ያንን ፈሳሽ ነካ አደረግኩበት፣ ጠቆረ። ታኒንና ብረት ሲገናኙ ጥቁር ይሆናሉ። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት መጽሐፍ የተጻፈበት ጥቁር ቀለም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ኦክ ዛፍ ላይ ነፍሳት የሚያበቅሉት እብጠት፣ የብረት ጨው፣ የግራር ሙጫ። መበጥበጫው በብዙ አሠራሮች ውስጥ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ወይን! እኔ አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ጸሐፊዎቹ ቀድመውኛል። ይህን ሳውቅ ደስታዬ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ግን አለ። አይቆይም። ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዛል፣ ወደ ቡናማ ይሄዳል። የመጀመሪያዋ ሥዕል ከወዲሁ ተለውጣለች። በየቀኑ ፎቶ አነሳታለሁ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? ትደብቂያታለሽ ወይስ ብርሃን ላይ ትተያታለሽ? እውነቴን ነው የምጠይቅሽ፣ እኔ መወሰን አቅቶኛል።

እንግዲህ ያልደወልኩበትን ልንገርሽ። እንዴት እንደምለው አላውቅም። ብሩሾችሽን በካርቶን አሽገሽ እንዳስቀመጥሽ ሰማሁ። ማን እንደነገረኝ አትጠይቂኝ። ሥዕል ስለተውሽበት ጉዳይ መናገር ካልፈለግሽ ደግሞ አትናገሪ፣ አላስገድድሽም። ግን አዘንኩ። በጣም አዘንኩ። ስለ ቀለም ብቻ ደውዬ ባወራሽ ቁስልሽን የምነካ መሰለኝና ፈራሁ። እየፈራሁ ዝምታው ረዘመ። አሁንም ይህን አንቀጽ ልተወው ወይስ ላጥፋው እያልኩ ነው። ይቆይ።

የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቀላል ነው። ለቀሩት ቀናት የኢንክቶበርን ዝርዝር ትቼ አንቺ በምትልኪልኝ ቃል ልሣል። አንቺ መሣል የለብሽም። ቃል ብቻ ላኪ፣ ማታ ማታ ሥዕሉን እልክልሻለሁ፣ እንደ ድሮሽ ያለ ርኅራኄ ትችት ስጪኝ። "ጥላው ውሸት ነው" የሚለኝ ሰው ናፍቆኛል።

ሁለተኛው፣ በሚቀጥለው ወር እዚያው መጥመቂያ ልንመለስ ነው። በርሜሎቹ ሲገለበጡ ከሥር የሚቀረውን አተላ ለሥዕል ሊሰጡኝ ቃል ገብተዋል። ነዪ፣ አብረን እንሂድ። ሹፌር አለ፣ ማንም ጠጥቶ አይነዳም። ቁርስ በልተሽ ነዪ፣ በባዶ ሆድ አይሆንም። ያንን ሽቶሽን ደግሞ ለአንድ ቀን ተይው፣ አንቺ ካለሽበት ክፍል ውስጥ ወይን የሚያሸት ሰው አይኖርም! ብሩሽ እኔ ይዣለሁ፣ ሁለት ነው የምይዘው። የአንቺ ከቦርሳ ካልወጣም ግድ የለም።

ስለ ጉዞው እስከ ቅዳሜ አሳውቂኝ፣ ስም ማስመዝገብ አለብኝ። ቃሉን ግን ዛሬ ማታ ላኪልኝ።

የምትወድሽ
እህትሽ