ዘጠኝ ፊደል በ30 ሴኮንድ

ለምወድሽ እህቴ ጽጌ፣

እንደምን ከርመሻል? እማማስ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን የሚለውን እንተወውና፣ መጨረሻ ላይ የጻፍሽልኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። ቤቲ እንግሊዝኛ ስታነብ ረጅም ቃል ከገጠማት ዘላው ነው የምታልፈው ብለሽኝ ነበር። ስለዚያ የምነግርሽ አለኝ።

እዚህ ለንደን የምንከባከባቸው አንዲት አሮጊት አሉ። ከሰዓት በኋላ መድኃኒታቸውን ከዋጡ በኋላ ቻናል ፎር ላይ «ካውንትዳውን» የሚባለውን ውድድር ሳያዩ አይውሉም። ጣቢያው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1982 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ያስተላለፈው ይህንኑ ውድድር ነው፤ እስከ ዛሬም አለ። ተወዳዳሪው አናባቢ ወይም ተነባቢ እያለ ፊደል ያስወጣል። ቢያንስ 3 አናባቢና 4 ተነባቢ መኖር አለበት። ፊደሉ 9 ሲሞላ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፤ 30 ሴኮንድ ነው ያላቸው። ከእነዚያ ፊደላት ረጅሙን ቃል ያወጣ፣ ቃሉ ስንት ፊደል እንዳለው ያህል ነጥብ ያገኛል፤ ዘጠኙንም ከተጠቀመ ነጥቡ እጥፍ ሆኖ 18 ይሆናል። የሰውና የአገር ስም አይቆጠርም።

ሴትዮዋ እርሳስና ወረቀት ይዘው ነው የሚቀመጡት። ፊደሎቹን ግን በተጠሩበት ተራ አይጽፏቸውም፤ በክብ ነው የሚጽፏቸው። ዓይን በመስመር የተደረደረ ፊደል ካየ እንደተደረደረው ማንበብ ይጀምርና እዚያው ይቀራል፤ በክብ ሲጻፍ ግን የትኛው ፊደል ቀዳሚ እንደሆነ አይታወቅም። ቀጥለው ባዕድ መድረሻውን ይፈልጋሉ። አይ-ኤን-ጂ አለ? ኢ-ዲ አለ? ቲ-አይ-ኦ-ኤንስ? ያገኙትን ለብቻ አውጥተው ጥግ ላይ ይጽፉና ከቀሩት ጋር ይታገላሉ። ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ እዪው፤ የተለያዩ 9 ፊደላት በ362,880 መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ። አራቱን መድረሻ አድርገሽ ካስቀመጥሻቸው የሚቀሩት 5 ግን በ120 መንገድ ብቻ ነው የሚደረደሩት። ይሄን ያህል ደግሞ የሰው ጭንቅላት ይችለዋል።

አንድ ቀን አምስቱም አናባቢዎች፣ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ፣ ከሲ፣ ዲ፣ ቲና ኤን ጋር ወረቀታቸው ላይ ክብ ሠርተው አየሁ። ቲ-አይ-ኦ-ኤንን አወጡት። የቀሩት ኢ፣ ዲ፣ ዩ፣ ሲ፣ ኤ ናቸው። «ኤዱኬሽን!» ብዬ ጮህኩ። ሴትዮዋ ፈገግ አሉና «ሌላስ?» አሉኝ። ሌላ አለ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኢ-ዲን ወደ መጨረሻ ወሰዷት፤ «ኮሽንድ» ሆነ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው ማለት ነው። ከዚያ ከፊት ያለችውን ሲ አንስተው ከኤ-ዩ ኋላ አስገቧት፤ «ኦክሽንድ» ሆነ፣ በጨረታ ተሸጠ። ጽጌ፣ ትምህርትና ማስጠንቀቂያና ጨረታ ከእነዚያው 9 ፊደላት፣ አንድም ሳይጨመር አንድም ሳይቀነስ! ያን ቀን ማታ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የማየውን ማስታወቂያ ሁሉ ስፈታታና ስገጣጥም ነው ቤቴ የደረስኩት።

እኛ ቃል የተማርነው በሽምደዳ ነው። ከነትርጉሙ እናነበንበው ነበር እንጂ «እስቲ ፍቱት» ያለን አልነበረም። የእንግሊዝኛ ረጅም ቃል እኮ አብዛኛው ከትንንሽ ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነው። «አንኮምፎርተብል» ቤቲን ያስፈራት ይሆናል፤ አንን ከፊት፣ ኤብልን ከኋላ ብታነሳለት ግን የሚቀራት የምታውቀው «ኮምፎርት» ነው። ፊደል ገጣጥሞ ረጅም ቃል ማውጣት የለመደ ልጅ፣ ረጅም ቃል ሲገጥመው መፍታቱም አያቅተውም። ይሄን በሙሉ ልቤ ነው የምልሽ።

ስልክ ላይ ፊደል ስትሰጪው ቃል የሚዘረዝርልሽ ፕሮግራም ሞልቷል። አንዱ አሠራር የእያንዳንዱን ቃል ፊደሎች በኤ-ቢ-ሲ ተራ መደርደር ነው። እነዚያ ሦስቱ ቃላት ሁሉም ኤ-ሲ-ዲ-ኢ-አይ-ኤን-ኦ-ቲ-ዩ ስለሚሆኑ አንድ ቦታ ይቀመጣሉ፤ ፊደሎቹን በፈለግሽው ተራ ብታስገቢ ያንኑ ደርድሮ ሦስቱንም ያወጣልሻል። ብልሃቱን እወደዋለሁ። ለቤቲ ግን ራሷ ታግላ ከጨረሰች በኋላ ብቻ አሳዪያት፤ የቀረባትን ቃል ስታይ ትናደዳለች፣ የተናደደችበትን ቃል ደግሞ አትረሳውም።

ትርጉሙንም ጠይቂያት። ናይጀል ሪቻርድስ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው ፈረንሳይኛ ሳይናገር መዝገበ ቃላቱን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ፊደል እየገጣጠሙ ቃል በሚሠሩበት ጨዋታ፣ በፈረንሳይኛ ስክራብል፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። አደንቀዋለሁ። ለልጃችን ግን የምመኘው ያወጣችውን ቃል አፏን ሞልታ እንድትናገረው ነው።

ስክራብል ካላገኘሽ ፊደሎቹን ከካርቶን ቁረጪላት። ብዛታቸውን እንደ ጨዋታው አድርጊው፤ ኢ 12፣ ኤ 9፣ አይ 9፣ ኦ 8፣ ኤን፣ አርና ቲ ስድስት ስድስት፣ ኪውና ዜድ አንድ አንድ። ይሄን ያወጣው አልፍሬድ በትስ የሚባል ሥራ የፈታ አሜሪካዊ አርክቴክት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ፊደል ስንቴ እንደሚመጣ ይቆጥር ነበር። ኤስን 4 ብቻ አድርጊያት። የቃል መጨረሻ ላይ እየተለጠፈች ብዙ ቁጥር ስለምታደርግ፣ ከበዛች ጨዋታው ይቀላል፤ በትስም ያሳነሳት ለዚሁ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ እነዚህን ስጫት፦ ኤል፣ ኦ፣ ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ አር፣ አይ፣ ኤን፣ ኢ። ዘጠኙንም የሚጨርስ ቃል አለ። በክብ ትጻፋቸው፣ ቲ-አይ-ኦ-ኤንን ታውጣ፣ ኤስን ለመጨረሻ ታቆያት። መልሱን አንቺ እንዳትነግሪያት፤ ራሷ በእጇ ጽፋ ትላክልኝ። አንቺም አብረሽ ጻፊልኝ፣ ስለ እማማ ጉልበት፣ ስለ ሥራሽ፣ ስለ ሁሉም።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው
አልማዝ