«አዲስ ዕቃ አልገዛም» ያለ ሰው መንገድ ሲወጣ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ለተወሰነ ጊዜ አዲስ ዕቃ ላለመግዛት ስለሚወስኑ ሰዎች በየጊዜው ብዙ ይጻፋል። በጽሑፎቹ ውስጥ ስለ ቁም ሣጥን፣ ስለ ወጥ ቤት ዕቃና ስለ ልጆች መጫወቻ ይነገራል፤ ጉዞ ግን ወይ ጨርሶ አይነሣም፣ ወይም ደንቡ ለጊዜው የሚላላበት ወቅት ተደርጎ በአንድ መስመር ይታለፋል። በዚህ አልስማማም። እኔም በዚሁ ውሳኔ የምኖር በመሆኔ እንዳየሁት፣ በቤቱና በሠፈሩ ተወስኖ ከግዢ የሚቆጠብ ሰው ከብዙ ፈተና የራቀ ሲሆን፣ ውሳኔው የሚለካው ሻንጣውን ይዞ ከደጁ ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜም የሚያድነው ከመነሣቱ በፊት ያደረገው ዝግጅት ነው።

ልማዱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። «ምንም ያለመግዛት ቀን» እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛምቷል፤ በ2006 ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ የተሰባሰቡ ጥቂት ወዳጆች ዓመቱን ሙሉ አዲስ ዕቃ ሳይገዙ ለመቆየት ቃል ሲገባቡ፣ ምግብንና መድኃኒትን የመሳሰሉ ነገሮችን ከደንቡ ውጭ አድርገዋል። ይህ አከፋፈል ለተጓዥም ይጠቅማል። ትኬት፣ ማደሪያ፣ ምግብና የመግቢያ ክፍያ ውሳኔውን አይነኩትም፤ ሊጠየቅበት የሚገባው ተጓዡ ይዞት የሚመለሰው ዕቃ ነው።

ኤርፖርት ለመሸጥ የተመቸ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ከቀረጥ ነፃ የኤርፖርት ሱቅ በ1947 በአየርላንድ ሻነን ከተከፈተ ወዲህ፣ ፍተሻውን ያለፈ መንገደኛ በረራው እስኪጠራ ድረስ የሚቆይበት ሥፍራ በሱቅ እየተከበበ ሄዷል፤ በብዙ ኤርፖርቶችም ወደ መሳፈሪያው በር የሚወስደው መንገድ በሱቁ መካከል እንዲያልፍ ተደርጎ ተሠርቷል። ቀረጥ ስለሌለበት ይረክሳል የሚለውን ምክንያት ብዙ ሰው ያነሣል። ነገር ግን በአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች መካከል ለሚጓዙ ሰዎች ከቀረጥ ነፃ ሽያጭ በ1999 ሲቀር ሱቆቹ ከኤርፖርቶቹ አልጠፉም፤ ስለዚህ ኪስ የሚያስፈታው ከዋጋው ይልቅ ሥራ ፈትቶ መጠበቁ ይመስለኛል። የሚያነበው ነገር ይዞ በጊዜ ወደ በሩ የሚሄድ መንገደኛ ይህን በቀላሉ ያልፈዋል።

የሚከብደው ሌላው ነው። አብዛኛው የጉዞ ላይ ግዢ ቤት ከተረሳ ወይም በፍተሻ ከተወሰደ ዕቃ የሚመጣ እንጂ ከምኞት የሚመነጭ አይመስለኝም። ከ2006 ወዲህ በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ በብዙ አገር እያንዳንዱ ከ100 ሚሊ ሊትር ባልበለጠ መያዣ፣ ሁሉም በአንድ ሊትር ግልጽ ከረጢት ውስጥ እንዲሆን ተደንግጓል። በ200 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሥር የቀረች ጥቂት ሻምፑ እንኳ አታልፍም፤ የሚታየው የመያዣው መጠን ነውና። አዳዲስ መፈተሻ የተከሉ አንዳንድ ኤርፖርቶች ደንቡን ቢያላሉትም፣ ሲሄዱ ያለፈው ጠርሙስ ሲመለሱ ሊወሰድ ስለሚችል በጠባቡ ደንብ መዘጋጀት ይሻላል። ባዶ የውኃ ኮዳ ያልፋል፤ ከፍተሻው ወዲያ መሙላት ነው። ፓወር ባንክ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ ሰንጢ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ሊወሰድ ይችላል፤ ሁለቱን ያቀያየረ ሰው የጠፋበትን ለመተካት ሱቅ ፍለጋ መውጣቱ አይቀርም። የኤሌክትሪክ ሶኬት ቅርጽም ከአገር አገር ይለያያል፤ ኃይሉ በአንዳንዱ አገር ከ100 እስከ 127፣ በሌላው ከ220 እስከ 240 ቮልት ነው። በስልክና በላፕቶፕ ቻርጀር ላይ በደቃቁ ከተጻፈው መካከል ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ የሚያስፈልገው ቅርጹን የሚያስማማ አዳፕተር ብቻ ነው፤ እርሱንም ከዚህ በፊት ከተጓዘ ወዳጅ መዋስ ይቻላል። ከተረሳም የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ መጠየቅ ነው፤ ቀደም ያሉ እንግዶች ትተውት የሄዱት አዳፕተርና ቻርጀር በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ መገኘቱ የተለመደ ነውና። መርፌና ክር የያዘ ሰውም ቁልፍ በተበጠሰ ቁጥር ሸሚዝ አይገዛም።

ሻንጣ ሲዘገይ ወይም ሲጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1999 የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት በሚመለከታቸው ዓለም አቀፍ በረራዎች ላይ አየር መንገዱ ሻንጣ በመዘግየቱ ለደረሰው ጉዳት እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ተጠያቂ ነው፤ መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ያልደረሰ ሻንጣም እንደ ጠፋ ይቆጠራል። መንገደኛው ከኤርፖርቱ ሳይወጣ ማስመዝገብ፣ ሻንጣው ዘግይቶ በደረሰ ጊዜም ከተረከበበት ቀን አንሥቶ በ21 ቀን ውስጥ አቤቱታውን በጽሑፍ ማቅረብ፣ ለአስቸኳይ ፍላጎቱ የገዛበትንም ደረሰኝ መጠበቅ ይኖርበታል። ይህን ግዢ ውሳኔን እንደ ማፍረስ የሚቆጥሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ደንቡን ለማክበር ሲባል በአንድ ሸሚዝ መሰንበት እኔን ጀግንነት አይመስለኝም፤ ውሳኔው ትርፍ ነገርን ለማስቀረት እንጂ ሰውን ለማንገላታት አልወጣም።

የስጦታና የማስታወሻ ዕቃ ነገር ከሁሉ ያከራክራል። ተጓዡ ለራሱ ምንም ሳይገዛ ሻንጣውን ለሌሎች በተገዛ ነገር ሞልቶ ቢመለስ ያተረፈው ነገር አይታየኝም፤ ስለዚህ ውሳኔውን ለሚጠብቁት ሰዎች ከመሄዱ በፊት ቢነግራቸው ቅያሜው ይቀላል። ከሄደበት አገር የተጻፈ ደብዳቤ ወይም በጥንቃቄ የተነሣ ፎቶግራፍ ስጦታ ሊሆን ይችላል። በማስታወሻነት ከሚሸጡት መካከል የዝሆን ጥርስ፣ የባሕር ኤሊ ቅርፊትና አንዳንድ የኮራል ዓይነቶች በ1973 ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ በዋለው፣ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር በመሆናቸው በጉምሩክ ሊወረሱ እንደሚችሉም ማወቅ ይገባል። ያገለገለ ዕቃ ይፈቀዳል ወይ ለሚለው፣ በቤት ሳለ እፈቅዳለሁ፤ በጉዞ ላይ ግን ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ መሄድ ራሱ መዝናኛ ስለሚሆን ብዙውን ጊዜ ማምለጫ ነው ባይ ነኝ። የማይስማሙ እንደሚኖሩ አውቃለሁ።

ጋዜጦች ስለ ጉዞ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚጠቁሙት በየከተማው ምን ቢገዛ እንደሚሻል ነው። በዚያ ፈንታ የጉዞ ዓምዳችሁ ስለ አንድ አገር በጻፈ ቁጥር የአገሩን የሶኬት ዓይነትና ቮልቴጅ፣ የፍተሻውን ደንብ፣ በጉምሩክ የሚከለከሉትንና ዕቃ መዋስ ወይም መከራየት የሚቻልባቸውን ቦታዎች በአጭሩ ቢያክል፣ ውሳኔውን ለያዝን ሰዎች ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም መንገደኛ የሚጠቅም ስለሚሆን እንድታስቡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ከአንባቢዎቻችሁ አንዱ