ለእማዬ፣ ከሐዋሳ

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ዋለ?

ባለፈው ስልክ ላይ «ይሄ ቻክራ የምትዪው ነገር ሃይማኖት መለወጥ ነው ወይ?» ስትዪኝ ደነገጥኩ። ኔትወርኩም አላስጨረሰን። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ከአዩርቬዳ ልጀምር፤ እሱ ላንቺ እንግዳ አይደለም። የሕንድ ጥንታዊ ሕክምና ነው። ስሙም በሳንስክሪት «የሕይወት እውቀት» ማለት ነው። ሰውነትን ሦስት ነገሮች ያስተዳድሩታል ይላሉ፦ ቫታ፣ ፒታና ካፋ። ቫታ የነፋስ ነገር ነው። ደረቅ፣ ቀዝቃዛ፣ የማይረጋ። ዕድሜ ሲገፋ ይበረታል፤ ያኔ መገጣጠሚያ ይንቋቋል፣ ቆዳ ይደርቃል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል ይላሉ። ይህን ሳነብ አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ሲከፈት «ኧረ ዝጉት፣ ነፋስ ይመታኛል» የምትዪው።

መላቸውም ካንቺ አይርቅም። ትኩስ ምግብ፣ ቅባት፣ በሰዓቱ መብላት፣ በጊዜ መተኛት። አዳማ መጥቼ ስወልድ እንዴት እንዳረስሽኝ አስቢው። ገንፎው በቅቤ፣ አብሹ፣ «ብርድ እንዳይገባሽ» እያልሽ በጋቢ ላይ ጋቢ። በአዩርቬዳም አራስ ሴት ዘይት ትቀባለች፣ ትኩስና ቅባት ያለው ምግብ ትበላለች፤ ወሊድ ቫታን ያስነሳል ብለው ስለሚያምኑ። ጊ የሚሉት ቅቤያቸው ያንቺ ንጥር ቅቤ እህት ነው። ማንም ሳያስተምርሽ ስታደርጊው የኖርሽውን ነው መጽሐፍ ላይ ያገኘሁት።

እኔ የምጨምርልሽ የሰሊጥ ዘይት ብቻ ነው። ማታ ትንሽ ለብ አድርጊና እግርሽን እሺው። ጉልበቱ ላይ በክብ፣ ባትሽ ላይ ከላይ ወደ ታች፣ ሳትቸኩዪ። ከዚያ ካልሲ አድርጊ። በዘይት እግር ሴራሚኩ ላይ እንዳትራመጂ፣ አደራ! ጉልበትሽን ይፈውሰዋል አልልሽም። እኔን ግን ከታሸሁ በኋላ እንቅልፍ ቶሎ ይወስደኛል።

ቻክራው ሌላ ነው። ከመቀመጫ እስከ አናት በሰውነት ላይ ተደርድረዋል የሚባሉ የኃይል ማዕከሎች ናቸው። የድሮዎቹ የአዩርቬዳ መጻሕፍት ስለ ሰባት ቻክራ አያስተምሩም። ታንትራና ዮጋ ከሚባሉት የሕንድ መንፈሳዊ ልምምዶች ወገን የመጣ ነው። ዛሬ የሚታወቀው አቀማመጥ እ.ኤ.አ. በ1577 በሳንስክሪት ከተጻፈ ድርሰት የተወሰደ ነው። የቀስተ ደመናውን ቀለም ደግሞ ምዕራባውያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው የጨመሩበት። አዩርቬዳንና ቻክራን አንድ ላይ ማድረግም የዘመናችን ነገር ነው።

ቃሉ መንኮራኩር ማለት ነው። እኔ ሆዴ ውስጥ መንኮራኩር ይሽከረከራል ብዬ አላምንም፤ ሐኪምም ቢፈልገው አያገኘውም። ለእኔ ካርታ ነው። ሐሳቤ ሲበተን የት እንደማሳርፈው ያሳየኛል። ሥራ በዝቶብኝ ሌሊቱን ሙሉ ልቤ ሲመታ የነበረ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ያኔ ነው የያዝኩት።

ጠዋት አሞራ ገደል አካባቢ፣ ሐይቁ ዳር እቀመጣለሁ። ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው የሚመለሱበት ሰዓት ነው። በአፍንጫዬ እስከ 4 እየቆጠርኩ አስገባለሁ፣ እስከ 6 እየቆጠርኩ አስወጣለሁ። ሐሳቤን ከመቀመጫዬ እጀምራለሁ። ከዚያ ከእምብርት በታች፣ እምብርት፣ ደረት፣ ጉሮሮ፣ በቅንድቦቼ መሃል፣ አናቴ። እያንዳንዱ ላይ ጥቂት ትንፋሽ፣ በቃ። አንቺ ወንበር ላይ ሆነሽ ትችያለሽ። ትንፋሽን ማርዘም ሰውነትን እንደሚያረጋጋ ሐኪሞችም ይናገራሉ። ካዞረሽ ግን ወዲያው ተዪው።

ባዕድ ጸሎት የለበትም። እኔ በየትንፋሹ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ነው የምለው፤ አንቺም መቁጠሪያሽን ያዢ። ልብሽ ካልተቀበለው የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ ዘይቱና እራት በጊዜ መብላቱ ይበቃሻል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ሁልጊዜ ጉሮሮዬ ላይ ስደርስ ነው የምቆመው። የንግግር ቦታ ነው ይሉታል። አባዬ ካረፈ ወዲህ ስሙን ስንቴ ጠርተን እናውቃለን? አንቺ እንዳላዝን ትተዪዋለሽ፣ እኔ እንዳታለቅሺ እተወዋለሁ። አንድ ጠዋት እዚያው ሐይቁ ዳር «አባዬ» ብዬ ድምፄን አውጥቼ ጠራሁት። ብዙ አለቀስኩ። ከዚያ ቀለለኝ።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። ያ ሰውዬ «የሕንድ መድኃኒት ነው» ብሎ የሸጠልሽን ዱቄት እንዳትወስጂ። «የግፊት ኪኒኑን አቁሚ» ማለቱ በጣም ነው ያናደደኝ። ኪኒንሽን በራስሽ እንዳታቆሚ፣ በእመቤቴ! እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በኢንተርኔት የሚሸጡ 193 የአዩርቬዳ ምርቶችን መርምሮ ነበር። ከ5ቱ በ1ዱ ያህል እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ተገኝቶበታል። በአዩርቬዳ የሚሰጠው አሽዋጋንዳ የሚባለው ሥርም ከግፊትና ከስኳር መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላል። ወጥሽ ውስጥ ያለው እርድና ዝንጅብል ግን አያስጨንቅሽ። ዱቄቱን አትጣዪው፤ ለሐኪምሽ እናሳየዋለን።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ሰሊጥ ዘይቱን እኔ ይዣለሁ፣ እንዳትገዢ። መጀመሪያ ግፊትሽን እንለካለን። ከዚያ ቡና አፍይና፣ ስለ አባዬ እናውራ።

ልጅሽ