ሰርቪሱ በብረት ድልድዩ ለምን እንደማያልፍ

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የአጋማሽ ፈተናው በሰላም ተጠናቋል፤ ውጤቱን በልጆቻችሁ በኩል እንልካለን።

ወደ ሰርቪሱ ጉዳይ ልምጣ። ተማሪ የጫነ ሰርቪስ በአሮጌው የብረት ድልድይ አያልፍም። በኮንክሪቱ ድልድይ ዞሮ ይሄዳል። ልጆቹ በጠዋት እንደሚነሱ፣ ማታም እንደሚያመሹ አውቃለሁ። ቅሬታችሁ ይገባኛል። ውሳኔው ግን አይቀየርም።

«ድልድዩ እኮ እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ቆሟል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ የሠሩት ሰዎች ሥራቸውን ያውቁ ነበር። አራት ማዕዘን ጥጉን ሲገፉት ይንጋደዳል፤ ሦስት ማዕዘን ግን ቅርጹን አይለቅም። በእነዚያ ቀጫጭን ብረቶች ወንዙን የተሻገሩት ብረቶቹን በሦስት ማዕዘን እያገጣጠሙ ነው። የሒሳብ መምህራችን ልጆቹን እዚያው ወስደው ያስተምሩበታል። እኔም ድልድዩን እወደዋለሁ። ሆኖም እዚያ ላይ ሥራ ፈት ብረት የለም፤ አንዱ ይሳባል፣ ሌላው ይጨመቃል። አንድ ዋና ብረት ከተበጠሰ ሸክሙን የሚረከብ ላይኖር ይችላል።

እስቲ ጎንበስ ብላችሁ የታችኛውን መጋጠሚያ እዩት። አፈርና ውሃ ተጠራቅሞበት ዝገቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጣል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። በሁለት ላሜራ መካከል ሲገባ ያብጣል፣ ላሜራዎቹን ይፈለቅቃል፣ የሚያያይዛቸውን የብረት ችንካር፣ ሪቬቱንም ይወጥራል።

«የጭነት መኪናም ያልፍበታል» የሚልም አይጠፋም። መግቢያው ላይ የተጻፈው የክብደት ገደብ ለጭነት መኪናውም ነው። እሱ መጣሱ ለእኛ ፈቃድ አይሆንም። በአሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወደቀው ትረስ ድልድይ (እንደኛው በሦስት ማዕዘን ብረቶች የተገጣጠመ) 40 ዓመት ሙሉ መኪና ሲያሳልፍ ኖሯል። መጋጠሚያ ላሜራዎቹ ከሚገባው በላይ ቀጭን ነበሩ፤ በዚያ ላይ የጥገና ዕቃ ተከምሮበት ነበር። 13 ሰዎች ሞቱ። ትናንት ማሳለፉ ለዛሬ ዋስትና አልሆነም።

«ሹፌሩ ቀስ ብሎ ይንዳ» ለምትሉም፣ ቀስ ማለት የአውቶቡሱን ክብደት አይቀንሰውም።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ሹፌሩ ጋ እየደወሉ «ዛሬን ብቻ አሻግራቸው» የሚሉ ወላጆች መኖራቸው ነው። እባካችሁ፣ እሱን አታስጨንቁት። የታዘዘውን ነው የሚፈጽመው። ጥያቄ ካላችሁ ቢሮዬ ክፍት ነው።

መሐንዲሶች መርምረውና ጠግነው ገደቡን ካነሱ በማግስቱ ወደ ድሮው መንገድ እንመለሳለን። እስከዚያው አዲሱ የመነሻ ሰዓት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር