ስለሰረዝናቸው ሦስት ጨረታዎች ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሳምንት ሦስት የዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ ስም) ጨረታዎችን ካለቁ በኋላ ሰርዘናል፣ ሰባት አካውንት አግደናል፣ ከዛ አልፎም ለስድስት ቀን ጨረታውን በሙሉ ዘግተናል። ከዛን ቀን ጀምሮ የላካችሁትን ኢሜይል አንድ ሳላስቀር አንብቤዋለሁ፣ አንዳንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ። "አሸንፈናል ብለን ሎጎ እስከማሠራት ደርሰን" ያላችሁ አላችሁ፣ "በገንዘባችን እናንተ ምን አገባችሁ" ያላችሁ አላችሁ፣ "ዋጋውን ስትሰቅሉ የነበራችሁት ራሳችሁ ናችሁ፣ ሲነቃባችሁ ሰረዛችሁት" ያላችሁም አላችሁ። ይቺ የመጨረሻዋ እንቅልፍ ነስታኛለች። ስለዚህ የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቅድሚያ ይቅርታ። ሳናስጠነቅቃችሁ ነው የሰረዝነው፣ የላክንላችሁም መልእክት ሁለት መስመር ብቻ ነበር፣ ሰው ሁለት ሳምንት ሲከታተለው የነበረ ስም በሁለት መስመር ሲሰረዝበት ደስ አይልም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኛ ነው። በመሰረዛችን ግን አልጸጸትም፣ ለምን እንዳልተጸጸትኩ ነው ማስረዳት የምፈልገው።

ሁለቱ ጨረታዎች የአንድ ሻጭ ስሞች ነበሩ። በሁለቱም ላይ አንድ አካውንት ገብቶ ነበር፣ ይሄ አካውንት ከተከፈተ ጀምሮ ቢድ ያደረገው (ዋጋ ያቀረበው) የዚህን ሻጭ ስሞች ብቻ ነው፣ ከሌላ ሻጭ አንድም ጊዜ አልሞከረም፣ አንድም ጊዜ አሸንፎ አያውቅም። አካሄዱን ስታዩት ደግሞ በጣም ያስገርማል፣ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይወጣ ይወጣና የእውነተኛው ገዢ ጣሪያ አጠገብ ሲደርስ ቁጭ ይላል።

ጣሪያ ስል አንዳንዶቻችሁ አዲስ ስለሆናችሁ ላብራራ። እኛ ጋ ስትጫረቱ እስከ 2,000 ዶላር እሄዳለሁ ብላችሁ ጣሪያችሁን ታስቀምጣላችሁ፣ ሲስተሙ ግን 2,000ውን ወዲያው አያወጣውም፣ ከናንተ ቀጥሎ ያለውን ሰው በአንድ እርከን ብቻ ነው የሚበልጥላችሁ። ሌላው እውነተኛ ገዢ 600 ላይ ካቆመና እርከኑ 20 ዶላር ከሆነ ስሙን በ620 ትወስዱታላችሁ። አሁን ለመግዛት ሳይሆን ዋጋ ለመስቀል የገባ ሰው ጨምሩበት። 700፣ 900፣ 1,200 እያለ ይነካካችኋል፣ ሲስተሙ ደግሞ ታዛዥ ስለሆነ እናንተን ወክሎ በየደረጃው ይመልሳል፣ ሰውየው 1,900 ላይ ሲያቆም እናንተ በ1,920 "እንኳን ደስ አላችሁ" የሚል ኢሜይል ይደርሳችኋል። 1,300 ዶላር ማንም ሳይወዳደራችሁ ወጣ ማለት ነው። እናንተ ግን ደስ ብሏችሁ ትከፍላላችሁ፣ ምክንያቱም ከጣሪያችሁ በታች ነው። ይሄ ማጭበርበር ክፋቱ እዚህ ጋ ነው፣ የተበላው ሰው መበላቱን አያውቅም።

አሁን "በገንዘቤ ምን አገባችሁ፣ እኔ በዛ ዋጋ ፈቅጃለሁ" ያሉኝ ደንበኛ፣ ቃላችሁን አክብሬ ነው የምመልሰው። በዶሜይን ሥራ ዋጋ የሚተመነው ከዚህ በፊት ምን በስንት ተሸጠ ተብሎ ነው፣ ዋናው ሚዛን እሱ ነው። እናንተ የከፈላችሁት ዋጋ ነገ የሽያጭ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ከነገ ወዲያ ተመሳሳይ ስም ያለው ሰው "ያኛው በዚህ ተሸጧል" ብሎ እሱን ይጠቅሳል፣ ገዢውም አይቶ ያምናል። አንዱ የውሸት ዋጋ አስር ሰው ያሳስታል። እኔ ደግሞ ከዛች 1,920 ኮሚሽን እወስዳለሁ፣ እያወቅኩ ከወሰድኩ ከዛ አካውንት በምን ተለየሁ?

"ታዲያ የተጋነነውን ቀንሳችሁ በእውነተኛው ዋጋ አትሰጡንም ነበር?" የሚለው ጥያቄ የብዙዎቻችሁ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነበር። ሁለት ችግር ገጠመኝ። እውነተኛው ዋጋ የቱ ነው? በመሀል ዋጋው ሲሮጥ አይተው የወጡ ሰዎች ነበሩ፣ እነሱ ባይደነግጡ ኖሮ የት ድረስ ይሄዱ ነበር፣ ይሄን ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ሁለተኛው ስሞቹ የኛ አይደሉም፣ የሻጩ ናቸው። እንደገና ጨረታ ላይ እናውጣቸው ስንለው እምቢ ብሎ ስሞቹን ይዞ ወጣ። ሎጎ ያሠራችሁት ደንበኛ ስሙን ያጣችሁት በዚህ ምክንያት ነው፣ ያማል፣ አውቃለሁ።

ሦስተኛው ጨረታ ሌላ ዓይነት ነው፣ ይሄ ዋጋ ለማውረድ የተደረገ ነው። የአገልግሎት ጊዜው ያለፈ ስም ነበር። አንድ አካውንት ትንሽ ገንዘብ አስቀምጦ ዝም አለ። ከዛ ሁለት አካውንቶች ገብተው እርስ በርስ እየተበላለጡ ዋጋውን በአስር ደቂቃ ውስጥ ማንም እውነተኛ ገዢ የማይነካው ቦታ አደረሱት። የቀራችሁት ሁላችሁ ወጣችሁ። ጨረታው ሲያልቅ ሁለቱም አልከፈሉም፣ በደንባችን መሠረት ስሙ ለቀጣዩ ተጫራች ሊሄድ ሆነ፣ ቀጣዩ ማን ነው? ያ ዝም ያለው። ሦስቱንም አካውንት የከፈተው አንድ መሣሪያ ነው። ደንባችን ራሱ ቀዳዳ ነበረው፣ ያንን ቀዳዳ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ይሄን ስናጣራ ጊዜ ሄደ። የዶት ኮም ስም ጊዜው ካለፈ በኋላ ሬጂስትራሩ (ስሙን የሚመዘግበው ድርጅት) እስከ 45 ቀን የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ አለው፣ ከዛ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ፣ ከዛ 5 ቀን ቆይቶ ይሰረዛል። ጨረታው የሚካሄደው በእፎይታው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ የድሮው ባለቤት ትዝ ካለው ማደስ ይችላል። ትዝ አለው፣ አደሰው። ስሙ ሄደ። በታማኝነት ተጫርታችሁ በዛ የውሸት ዋጋ የተባረራችሁ ደንበኞች ሁለት ጊዜ ነው የተጎዳችሁት።

አሁን ወደዛች ክስ ልምጣ፣ "ራሳችሁ ናችሁ" ወደምትለው። ጥርጣሬው ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ሆኖ ያውቃል። በ2009 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር ላይ ስናፕኔምስ የሚባለው ትልቅ የዶሜይን ጨረታ ድርጅት አንድ የራሱ ሠራተኛ በሐሰት ስም አካውንት ከፍቶ ከ2005 ጀምሮ ከደንበኞች ጋር ሲጫረት እንደነበር ራሱ ይፋ አደረገ። የነካቸው ጨረታዎች ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ ናቸው ተባለ፣ ድርጅቱም የተጋነነውን ልዩነት ከ5.22 በመቶ ወለድ ጋር እመልሳለሁ አለ። እኔ ያን ጊዜ ገዢ ነበርኩ፣ ዜናውን ሳነብ የተሰማኝ ነገር አሁንም አልወጣልኝም። የቤቱ ሰው የሁላችንንም ጣሪያ ማየት የሚችል ከሆነ እኛ ዓይናችን ተሸፍኖ ካርታ እንደምንጫወት ነው።

እኛ ቤት አምስት ሰው ነን፣ ማናችንም አንጫረትም፣ ቤተሰቦቻችንም አይጫረቱም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስካለፈው ወር ድረስ ይሄ በቃል የተስማማነው እንጂ የተጻፈ ነገር አልነበረም። አሁን ጽፈን ፈርመንበታል። ያስቀመጣችሁት ጣሪያም ጨረታው እስኪዘጋ ድረስ እኔን ጨምሮ ለማንም እንዳይታይ አድርገነዋል፣ ድሮ እኔ ፈልጌ ካየሁ ማየት እችል ነበር። አይቼ አላውቅም። ግን ማየት መቻሌ ራሱ ልክ አልነበረም።

ይሄን ሥራ እንዴት እንደጀመርኩት ለድሮዎቹ ነግሬያችሁ አውቃለሁ፣ ለአዲሶቹ ልድገመው። የመጀመሪያ ዶሜይኔን ልገዛ ስጫረት አንድ ሰው ለቀናት ተከተለኝ። እኔ ስጨምር እሱ ይጨምራል፣ ሌሊት ማንቂያ ሞልቼ እየተነሳሁ አያለሁ፣ በመጨረሻ አቅሜ አለቀና ተውኩት። በሦስተኛው ቀን "አሸናፊው ስላልከፈለ ሁለተኛው እርስዎ ነዎት፣ በመጨረሻ ባቀረቡት ዋጋ ይውሰዱ" የሚል ኢሜይል መጣልኝ። እንዴት እንደተደሰትኩ! ከፈልኩ። ከወራት በኋላ ያ ሰው የሻጩ ሌላ አካውንት እንደነበር ገባኝ፣ ጣሪያዬን ሲለካ ነው የከረመው፣ ለካ የተጫረትኩት ከራሴ ጋር ነው። ለድርጅቱ ስጽፍ መልስ የሰጠኝ የለም፣ አንድ መስመር እንኳን። ከዛ በኋላ ነው እንደዚህ የማይደረግበት ቤት ልክፈት ያልኩት። ታዲያ አሁን እኔን በዛው ነገር ስትጠረጥሩኝ ምን እንደሚሰማኝ ትረዱኛላችሁ ብዬ አስባለሁ።

የሁለቱ ስሞች ሻጭ ማን ነው፣ ስሙን አውጡ ያላችሁም ብዙ ናችሁ። አላወጣም። ይሄ ሰው ማንም ሳያውቀን ስሞቹን ያመጣልን ሰው ነው፣ ሰርቨራችን ሁለት ቀን ሲወድቅብን "አይዞህ" ብሎ የጻፈልኝ እሱ ነው። አካውንቱን ስዘጋ እጄ ከብዶኛል። ግን ዘግቻለሁ። የድሮ ደንበኛ ስለሆነ ዓይኔን ብጨፍን ኖሮ ትናንት ለመጣችሁት ምን ብዬ ነው የማወራው።

ከታገዱት ሰባት አካውንቶች ሁለቱ ግን ምንም አላጠፉም። አንድ ቢሮ ተቀምጠው በአንድ ኢንተርኔት የሚጠቀሙ ሁለት የተለያዩ ገዢዎች ናቸው፣ የአይፒ (የኢንተርኔት መስመር) አድራሻቸው አንድ ሆኖ ስላየነው ቸኮልን። አድራሻ መመሳሰል ብቻውን ምንም እንደማያሳይ እናውቃለን፣ በሞባይል ኢንተርኔት እኮ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ አድራሻ ሊወጣ ይችላል። ሁልጊዜ መሸነፍም ወንጀል አይደለም፣ በርካሽ ለመግዛት የሚሞክር ኢንቨስተር ከመቶ ጨረታ ዘጠናውን ቢሸነፍ ያለ ነገር ነው። ብዙ ምልክት አንድ ላይ ሲደራረብ ነው መጠርጠር ያለብን። ለሁለቱም በግል ጽፌያለሁ፣ አካውንታቸውም ተከፍቷል።

ድሮ ቢሆን ማጣራት ይቀል ነበር። ስሙ ከተሸጠ በኋላ ሁዊዝ (የዶሜይን ባለቤቶች መዝገብ) ላይ ገብተን በማን ስም እንደተመዘገበ እናያለን፣ ከሻጩ እጅ ካልወጣ ነገሩ ይገለጥልናል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ሜይ ወዲህ በአውሮፓው የግል መረጃ ሕግ ምክንያት የባለቤቶች ስም በአብዛኛው ተሸፍኗል። ለሰዎች ጥሩ ነው፣ እኔም አልቃወምም፣ ለኛ ግን አንድ ዓይናችን እንደጠፋ ነው።

ስለዚህ አዲሱ አሠራር የግድ ሆነ። ከ500 ዶላር በላይ ለሚጫረት ሰው 10 በመቶ የጨረታ ማስከበሪያ ይያዛል፣ ካላሸነፈ በማግስቱ ይመለሳል፣ አሸንፎ ካልከፈለ ግን ይቀራል። ሻጭም ገዢም ማንነቱን በመታወቂያ ያረጋግጣል። አሸናፊው ካልከፈለ ስሙ ለሁለተኛው አይሰጥም፣ ጨረታው እንደ አዲስ ይጀመራል። ማስከበሪያው ያስከፋችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ "ይሄን ያህል ዓመት ከፍለን አሁን አታምኑንም ወይ" ብላችሁኛል። እናምናችኋለን። ግን የምናምነውን ሰው ብቻ ነፃ ብናደርግ ያ የድሮ ሻጭም ነፃ ከሚሆኑት አንዱ ነበር።

ኮሚሽኑ ከ10 ወደ 12 በመቶ ስለመውጣቱ ደግሞ በግልጽ ልናገር። የመታወቂያ ማረጋገጫው ለእያንዳንዱ ሰው ነው የሚከፈለው፣ ገንዘባችሁን የሚይዘው የኤስክሮው አገልግሎትም የራሱን ይወስዳል፣ በተሰረቀ ካርድ የሚከፍል ሰው ሲመጣ ባንኩ ገንዘቡን መልሶ ቅጣቱን እኛ ላይ ነው የሚጥለው። የዶት ኮም የጅምላ ዋጋ ራሱ እስከ 2021 እ.ኤ.አ. 7.85 ዶላር ነበር፣ አራት ጊዜ ጨምሮ ከ2024 ሴፕቴምበር ጀምሮ 10.26 ገብቷል፣ እኛ ደግሞ እስኪሸጡ በየዓመቱ እያደስን የምንይዛቸው ስሞች አሉን። እስካሁን ይሄን ጭማሪ ከኪሳችን ነው የቻልነው፣ አንድም ቀን አላነሳነውም። ከሦስቱ የተሰረዙ ጨረታዎችም አንድ ሳንቲም ኮሚሽን አልወሰድንም፣ የከፈላችሁት በሙሉ ተመልሶላችኋል። ትልልቆቹ ጋ ሄዳችሁ በትንሽ ኮሚሽን መጫረት ትችላላችሁ፣ አልከለክላችሁም። ግን ኢሜይል ስትጽፉ የቤቱ ባለቤት ራሱ የሚመልስላችሁ የትኛው ጋ ነው? እባካችሁ አንድ ወር ስጡን፣ አዲሱን አሠራር እዩትና ከዛ ፍረዱ።

ጨረታው ሰኞ ይከፈታል። እያንዳንዱ ጨረታ ካለቀ በኋላ የቢድ ታሪኩ ከነሰዓቱ ለሁሉም ተሳታፊ ይታያል፣ የሰው ስም አይወጣም፣ ግን አንድ ተጫራች ከዛ ሻጭ ጋ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደተጫረተና ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ ታያላችሁ። የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ላኩልኝ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ እመልሳለሁ።

ሎጎውን ያሠራችሁት ደንበኛ፣ ለመጨረሻው ኢሜይላችሁ እስካሁን አልመለስኩም፣ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው። ሎጎው ላይ ባለው ቃል የሚሄዱ ሁለት ሌሎች ስሞች ከራሳችን ዝርዝር ውስጥ ለይቼ አስቀምጫለሁ፣ ጨረታ ላይ አላወጣቸውም፣ ከወደዳችሁት አንዱን ባወጣነው ወጪ ብቻ ትወስዱታላችሁ። ነገ ጠዋት እደውላለሁ፣ ስልኩን አንሱልኝ።

የድርጅቱ ባለቤት