ከድሬ ለወንድሜ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኔ፣ ቸሩ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ኅዳር ስለገባ ማታ ማታ ቀለል ብሎልናል። ቀን ቀን ግን ያው ድሬ ነው፣ ታውቀዋለህ።

ይኼን ሁሉ ጊዜ ዝም ተባብለን ከርመን በስልክ ሁለት መስመር መላክ ነውር መሰለኝ። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። የእጅ ጽሑፌን እንደ ድሮው ቻለው።

መጋላ የነበረው ልብስ ሰፊያችን አረፈ። የታላላቆቻችንን ሱሪ እያጠበበ በልካችን ያደርግልን የነበረው። ዓርብ ማታ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ገባ፣ ሌሊት አመመው፣ ሲነጋ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት ቀበርነው። እስላም ቀብር ላይ አይዘገይም። ድንኳኑ ውስጥ ግን እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል ነበር፤ ድሬ አይደል እንዴ!

በሦስተኛው ቀን ልጁ ሱቁን ሲከፍት አብሬው ገባሁ። ማሽኑ ላይ ያላለቀ ቀሚስ አለ፤ መርፌው እንደተተከለ ነው። ግድግዳው ላይ ሱሪዎች ተሰቅለዋል። እያንዳንዱ ላይ ከሲጋራ ካርቶን የተቆረጠች ብጣሽ በስፒል ተያይዛለች፤ በእርሳስ የባለቤቱ ስምና የቀጠሮው ቀን ተጽፎባታል። «ቅዳሜ»። «ቅዳሜ»። «ቅዳሜ ከሰዓት»። አንዷ ላይ «ቅዳሜ የግድ» ይላል፤ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ይኼን ቃል ያስገባው ደንበኛ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በኋላ ነው ያወቅነው። ሱሪውን ለመጠየቅ አፍሮ ሦስት ቀን ሙሉ ቡና ሲጠጣ ሰነበተ። አቦ፣ ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ።

ከዚያ ወዲህ ዳዊቴን ስደግም ሐሳቤ እዚያ ግድግዳ ላይ ይሄዳል። ሐሙስ በሚደገመው ክፍል ውስጥ 89ኛው መዝሙር አለ፤ የሙሴ ጸሎት። የሰው ዕድሜ ሰባ፣ ቢበረታ ሰማንያ ነው የሚለው። ለቅሶ ቤት ሁሉ ይጠቀሳል። ሰው የማይጠቅሰው ግን ከሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን ነው፤ ኃጢአታችንን በፊትህ አኖርህ ይላል። ዕድሜ ማጠሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን አለበት፣ ሁሉም የሚሄድበት መንገድ ነው። እኔን የከበደኝ ሁለቱ አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። ቀኑ ያልቃል፤ እኔ የደበቅሁት ደግሞ እሱ ፊት ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

ሰኞ ሰኞ የሚደገመው 18ኛው ላይ ደግሞ ዳዊት ከተሰወረ ኃጢአት አንጻኝ ይላል። ድሮ ይህ ሰው ሳያየው ተደብቆ የሚሠራ ነገር ይመስለኝ ነበር። መጠጥ፣ ሴት፣ ገንዘብ፣ የመሳሰለው። አሁን እንደሚመስለኝ ከባለቤቱም የተሰወረ አለ። ቂም ይዞ «እኔ ዝምተኛ ነኝ» የሚል አለ። ረድቶ ሲያበቃ ውለታውን በልቡ የሚቆጥር አለ። ሰው ሲወድቅ «ያሳዝናል» እያለ ውስጡ ቀለል የሚለውስ? እነዚህ መልካም ልብስ ለብሰው ስለሚሄዱ ንስሐ የሚገባባቸው የለም።

የደቻቱን ወንዝ ነገር ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ፤ ቤታችሁ እዚያው ዳር ነበር። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ኳስ ተጫውተንበታል፣ ፍየል ይሻገርበታል። ደረቅ ነው ብለህ ትተኛለህ። ውኃው ግን ከላይ ነው የሚመጣው፤ ደጋው ላይ ከጣለው ዝናብ። ሐምሌ 1998 በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ፤ ብዙው ሰው እንቅልፍ ላይ ነበር። እነዚያን ሰዎች ምሳሌ ማድረግ ይከብደኛል። ጎርፉ በኃጢአታቸው መጣ የሚል ሰው ካጋጠመህ አትስማው። እኔ የምለው ስለ ወንዙ ብቻ ነው። ከፊቴ ያለው አሸዋ፣ ጾሙ፣ ቅዳሴው፣ ሰላምታው፣ ደረቅ ስለሆነ ሰላም ነኝ እላለሁ። የሚዘንበው እኔ በማላይበት ነው።

ይኼንን ይዤ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። እንደ ልማዴ ጀመርኩ። ጾም ሽሬያለሁ፣ ቅዳሴ አስታጉያለሁ፣ በማወቅም ባለማወቅም... አባ አቋረጡኝ። «እሱን ሰማሁ። ስሙ ሲነሳ ወሬ የምትቀይረው የማንን ነው?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠበቅም፤ ቀኖና ነበር የጠበቅኩት። ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ሽማግሌ ሲቸኩል አይታይም።

ያንተን ስም ነው የነገርኳቸው።

አዲስ አበባ ሁለተኛ ሱቅ ከፈተ ሲሉኝ እሰይ ብያለሁ። ያለው አፌ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ስላንተ ሲጠይቀኝ «እሱማ ረስቶናል» እያልኩ አልፍ ነበር፤ ደዋዩ አንተ፣ የማያነሳው እኔ ሆኜ። ቅናት ብዬ ስሙን የጠራሁት እዚያች ወንበር ላይ ነው። አባ ሰምተው አልተደነቁም። ለእግዚአብሔር እንድሰጠው፣ ላንተ ግን ሰላምታ ብቻ እንድልክ መከሩኝ። ዝርዝሩን መንገር ግዴታ የለብህም አሉኝ። እኔ ግን አንተን አውቅሃለሁ፤ ሰላምታዬ ብቻውን ቢደርስህ «ምን ነካው?» ብለህ ሳምንት ሙሉ ስትብሰለሰል ትከርማለህ። ስለዚህ ነገርኩህ።

ስጠው የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚደረግ ጠይቄያቸው ነበር። ራሴን እየበረበርኩ የቀረውን ሁሉ ላግኝ ወይ አልኳቸው። አይደለም፣ አሉ። ዳዊት «ፈልጌ አገኛለሁ» አላለም፣ «አንጻኝ» ነው ያለው። የታየህን ተናገር፣ ያልታየህን እሱ እንዲያሳይህ ለምነው፣ ሲያሳይህ ደግሞ አትከራከር። አትከራከር ያሉት ነው የከበደኝ። እኔ እኮ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር የምከራከር ሰው ነኝ! ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፣ ምክንያት መደርደር እጀምራለሁ፣ ከዚያ እተወዋለሁ። እስካሁን የሄድኩት ይኼን ያህል ነው።

ሱሪዎቹን ልጁ እያስጨረሰ ለባለቤቶቹ እየመለሰ ነው። ከመካከላቸው ስም የሌለበት አንድ ግራጫ ሱሪ አለ። ቁመቱን ሳየው አንተ ባለፈው ስትመጣ ጥለኸው የሄድከው መሰለኝ፤ ያንተ ከሆነ ንገረኝ፣ ተቀብዬ አስቀምጥልሃለሁ።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ነው። ዘንድሮ በእግር ልወጣ አስቤያለሁ፤ ጉልበቴ ካልከዳኝ። አንተም ሁለት ቀን ቀደም ብለህ ድሬ ግባ፣ እኔ ጋ እደር፣ አብረን እንወጣለን። መምጣት ባትችል እንኳ ደውል፤ ቁጥሬ ያው ነው፣ አነሳለሁ። በኔ የተቀየምከው ነገር ካለም በዚያው ንገረኝ። ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ